በዘይት በምትበርደው ሞተር ላይ የሰጠሁት ቃል

ጋሽ ታደሰን እጠላዋለሁ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ታሪኩን ስጨርስ የታረቅን እንዳይመስላችሁ ነው። አልታረቅንም። ዛሬም ቡልጋሪያ መንገድ ላይ ብንገጣጠም እሱ በአንዱ ጥግ፣ እኔ በሌላው ጥግ ነን። ግን አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ይሄ ጥላቻ ምን ሊያደርገኝ እንደሚችል አየሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስሜ ሰናይት ነው፤ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነኝ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሥር አንድ ክፍል ሱቅ አለችኝ፤ ግማሿ ጋራዥ፣ ግማሿ የመለዋወጫ መደርደሪያ። ከዚያ በፊት ካዛንቺስ ነበርኩ፤ የነበርኩበት ግቢ ሲፈርስ ነው የተዛወርኩት። ከካዛንቺስ በፊት ደግሞ ቡልጋሪያ፣ ጋሽ ታደሰ ጋራዥ፣ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሠራሁ ከተባለ ማለቴ ነው። ሦስቱን ዓመት በቤንዚን ዕቃ ሳጥብ ኖርኩ። በአራተኛው ካንዴላ መቀየር ተፈቀደልኝ። ደንበኛ ሲመጣ «እሷ እንዳትነካው፤ እኔ መጣሁ» ይል ነበር፣ እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁት።

በስድስተኛው ዓመት አንድ ካርቡሬተር ከመደርደሪያ ጠፋ። ጋሽ ታደሰ አልጠየቀኝም። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ቦርሳዬን ሲሚንቶው ላይ ገለበጠው። የምሳ ዕቃዬ፣ ቅያሪ ልብሴ፣ የወር አበባ መጠበቂያዬ ሳይቀር በወንዶች መሀል ተበተነ። ካርቡሬተሩ የለም። እሱ ግን በማግስቱ «ሌባ አላሠራም» ብሎ አባረረኝ። ከቡልጋሪያ እስከ ሜክሲኮ ያለው መለዋወጫ ነጋዴ ሁሉ ሰማ። ከሁለት ወር በኋላ ዕቃው ተገኘ፤ ለካ ሌላ ሠራተኛ ተሳስቶ ለደንበኛ ሰጥቶት ኖሯል። ይህንንም የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ጋሽ ታደሰ ትንፍሽ አላለም። ድሮ አንቱ እለው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንቱታውን ተውኩት፤ «ጋሽ» የምትለዋ ብቻ ምላሴ ላይ ቀረች።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ያን ማክሰኞ ጠዋት አቶ ወልዴ ደወሉልኝ። ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ ናቸው፤ ቡልጋሪያ አካባቢ ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«ሰናይት፣ ለአንድ ነገር ፈልጌሽ ነበር። እምቢ እንዳትይኝ።»

ነገሩ ይሄ ነው። ከድር የሚባል አንድ የእንስሳት ሐኪም ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተር አለው፤ አድቬንቸር ከሚሏቸው፣ ቁመታቸው ዘለግ ካሉት፣ ለኮረኮንች ከተሠሩት። ለሥራ ቡታጅራ ደርሶ ሲመለስ ጎተራ ማሳለጫው ላይ ኢንጅኑ በድንገት ተቆለፈ። የኋላ ጎማው አብሮ ቀጥ አለ፤ ከድር አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠ፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከኋላው የነበረው ሚኒባስ የቆመው ጭንቅላቱ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ነው። ከጉዞው በፊት ዘይት የቀየረለት ደግሞ ጋሽ ታደሰ ነው። የከድር ታላቅ ወንድም ሸምሱ «የተቃጠለ ዘይት ሞልቶ ወንድሜን ሊገድልብኝ ነበር» ይላል። ጋሽ ታደሰ አላደረግኩም ይላል። ስለዚህ ሌላ መካኒክ ኢንጅኑን ከፍቶ ይፍረድ ተባለ።

«ታዲያ እኔን? እኔና ጋሽ ታደሰን አያውቁም እንዴ?»

«ሸምሱ የፈለገሽ ለዚያ ነው። አትሸፍንለትም ብሎ።»

«እሱስ እሺ አለ?»

«እሱማ ‹ትጠላኛለች፤ ግን ኢንጅን ከፍታ አትዋሽም። ትምጣ› ነው ያለው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ስላመነኝ አይደለም። ስሙ እጄ ላይ ስለወደቀ ነው። ቱታዬን ለበስኩ፤ የቁልፍ ሳጥኔን አነሳሁ፤ ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ ወደ ጋሽ ታደሰ ጋራዥ ሄድኩ።

ሞተሯ ጥቁር ናት። ሸምሱ ከአደጋው በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ቆልፎባት፣ ያን ዕለት ጠዋት ነው በአይሱዙ ጭኖ ያመጣት፤ ጋሽ ታደሰን አጠገቧ አላስደረሰውም። ሸምሱ ሜክሲኮ አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከደረቱ የሚሰፋ ሰው ነው።

ጋሽ ታደሰ ጸጉሩ ነጥቷል። በር ላይ ቆሞ አየኝና «መጣሽ» አለ።

«መጣሁ።»

ሰላምታችን ይሄው ነበር።

«እህቴ» አለ ሸምሱ፣ «ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፤ በቃ። ይሄ ሰውዬ ወንድሜን ጨርሶት ነበር።»

«የዘይቱን እሽግ ከድር እያየ ነው የከፈትኩት!» አለ ጋሽ ታደሰ።

«ዝም በል! እስካሁን አንተ አውርተሃል፤ አሁን ብረቱ ያውራ።»

አቶ ወልዴ መሀላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ሥራ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ዘይቱን አወጣሁ። እንደ ውሃ ቀጥኗል፤ ጠቁሯል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የቃጠሎ ሽታ አለው። «ይኸው!» አለ ሸምሱ። ቀጥዬ የላይኛውን ክፍል አነሳሁ፤ ሲሊንደሩን በእንጨት እየመታሁ አላቀቅኩ። ፒስተኑ በጥፍር የተቧጨረ ይመስላል፤ ብረት ብረትን በልቶታል። ይሄ የሙቀት ሥራ ነው። ጥያቄው ለምን እንዲህ ጋለ የሚለው ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ብዙዎቹ የከተማችን ትንንሽ ሞተሮች የሚበርዱት በነፋስ ብቻ ነው፤ መኪና በውሃ ይበርዳል። እንደዚህች ዓይነቷ ግን በራሷ ዘይት ነው የምትበርደው። ዘይቱ ኢንጅኑን ያለሰልስና ሙቀቱን ተሸክሞ በቱቦ ይወጣል፤ ፊት ለፊት ወዳለችው መዳፍ የምታህል ራዲያተር ገብቶ በርዶ ይመለሳል። ያ መንገድ ከተዘጋ ሞተሯ ከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ምንም አትልም። ረጅም መንገድ ስትወጣ ግን ዘይቱ እየጋለ፣ እየቀጠነ ይሄድና ብረቱን መጠበቅ ያቅተዋል።

ራዲያተሯን ፈታሁ። ደረቅ ናት። አዲስ ናት፤ ግን ከፋብሪካ ከወጣች አንድ ጠብታ ዘይት አልነካትም። መካኒክ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ሊደርስበት ነውና። ጎንበስ ብዬ ቱቦው ከኢንጅኑ ጋር የሚገናኝበትን ሁለት ቡሎን ፈታሁ።

ሸምሱና ጋሽ ታደሰ ከኋላዬ በሩ ጋ እየተጯጯሁ ነበር፤ አቶ ወልዴም ሊገላግሉ ተነስተው ሄደዋል። ማንም አላየኝም። ከቱቦው ሥር በልኩ የተቆረጠች ስስ ቆርቆሮ ወጣች። የዘይቱን ቀዳዳ ድፍን አድርጋ ዘግታዋለች። በአውራ ጣቴ ጠረግኳት። የግማሽ ቲማቲም ሥዕል አለባት። ቀይ።

ቆርቆሮዋን አውቃታለሁ። እኔ ነኝ የቆረጥኳት።

ሁሉም ነገር መጣልኝ። ካዛንቺስ፣ ከሦስት ዓመት በፊት። ከረባት ያሰረ አንድ ደንበኛ፣ ሰማያዊ ሞተር። ራዲያተሯን ድንጋይ መትቷት ዘይት ታፈሳለች። «አዲሱን ከዱባይ እያስመጣሁ ነው፤ ለሁለት ቀን ብቻ መላ በይልኝ» አለኝ። የቲማቲም ድልህ ጣሳ አንስቼ ቆረጥኩና መንገዱን ዘጋሁለት፤ «ሩቅ እንዳትሄድባት፤ ሲመጣልህ አምጣትና አወጣልሃለሁ» አልኩት። አልተመለሰም። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ፈረሰ፤ እኔም ዕቃዬን ጭኜ ወጣሁ። ሰውዬው ራዲያተሯን ሌላ ቦታ አስቀይሮ፣ ቆርቆሮዋን ረስቶ፣ ሞተሯን ጥቁር አስቀብቶ ሸጧታል። ከድር የገዛው እንግዲህ እሷን ነው።

እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ቆርቆሮዋን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። አስቤበት ነው ብል ውሸት ነው። እጄ ቀደመኝ። ቀጥሎ ያደረግኩትን ግን አስቤበት ነው ያደረግኩት።

ቆምኩ። እጄን ጠረግኩ።

«ምን አገኘሽ?» አለ ሸምሱ።

ጋሽ ታደሰን አየሁት። ያን ቀን ቦርሳዬን ገልብጦ የቆመበት ቦታ ላይ፣ እዚያው ቆሟል።

«ዘይቱ ነው» አልኩ። «ይሄ አዲስ ዘይት አይደለም።»

ሸምሱ እጁን አጨበጨበ። ጋሽ ታደሰ ግን አልጮኸም። ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጣ።

«ሰናይት፣ ራዲያተሩን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ቱቦዎቹንስ? ከሥር?»

«አየሁ አልኩህ።»

«በደንብ አየሽው?»

«ሰውዬ፣ አየሁ አለችህ እኮ!» አለ ሸምሱ። «አንተ ራስህ ያመንካት ናት!»

አቶ ወልዴ ወረቀት አውጥተው በዚያ በሚያምር የባንክ ቤት ጽሑፋቸው ያልኩትን ጻፉ። ፈረምኩ። ጋሽ ታደሰ ስፈርም አየኝና ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን ለማየት ዘጠኝ ዓመት ስጠብቅ ነበር። አየሁት። ደስታው ግን የጠበቅኩትን ያህል አልቆየም።

ሸምሱ ወረቀቱን ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ ተነሳ። ከመሄዱ በፊት ግን ወደ እኔ ዞሮ «አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለ። «ከድር ‹ዘይቱ አዲስ ነበር› እያለ ያበሽቀኛል። ቤታችን ቅርብ ነው፤ አንቺ አስረጂው። ባለሙያ ስትነግረው ያምናል።»

እምቢ ለማለት ሰበብ አጣሁ።

ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። እናታቸው ወደ ሳሎን አስገቡኝና ለስላሳ ሊያመጡ ወጡ። ከድር ፍራሽ ላይ ተጋድሟል፤ ግራ እግሩ እስከ ታፋው በጀሶ ታሽጓል፤ ጉንጩ በአስፋልት ተልጧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

«ሸምሱ ደውሎ ነገረኝ» አለ። «ዘይቱ ነው አልሽ?»

«አዎ።»

«ይገርማል። እሽጉን የከፈተው ፊቴ ነው፤ እንዲያውም ክዳኑን እኔ ነኝ የጣልኩት። ደግሞ ጋሽ ታደሰ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር።»

«ምን አለህ?»

«‹ይሄ ኢንጅን ከልክ በላይ ይግላል፤ ራዲያተሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። የሆነ ነገር ዘግቶታል። እስከ ነገ ተውልኝና ልክፈተው› አለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ቡታጅራ ከብት ታሞ እየጠበቁኝ ነበር። ‹እንግዲያው ሩቅ አትሂድበት› አለኝ፤ ሄድኩ። ይሄን ለሸምሱ አሥር ጊዜ ነገርኩት፤ አይሰማኝም። አሁን ደግሞ አንቺ ፈርመሻል። እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ።»

እንዲህ ነው ያለው፦ እኔ ምን አውቃለሁ። እግሩ የተሰበረው እሱ፣ ዓይኑ ያየው እሱ፣ ግን የእኔን ፊርማ አምኖ የራሱን ዓይን ሊጠራጠር ነው።

ያን ጊዜ ጋሽ ታደሰን ይበልጥ ጠላሁት። እውነቴን ነው። እጁን ራዲያተሯ ላይ ጭኖ ብቻ፣ ሳይከፍት፣ ልክ ነበር። ካየናት ሰዎች ሁሉ ልክ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

የግቢው በር ተከፈተና ሸምሱ ገባ። «ወሰዱት!» አለ። «አስገቡት። አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ቆርቆሮዋን ከኪሴ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«የዘይቱን መንገድ የዘጋው ይሄ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ካዛንቺስ እያለሁ፣ ለመጀመሪያው ባለቤት። ጋሽ ታደሰ የለበትም። ዛሬ ጠዋት አገኘሁትና ደበቅኩት።»

ሸምሱ ቆርቆሮዋን አየ፣ እኔን አየ።

«ደበቅሽው? ፈርመሽ?»

«አዎ።»

ጠረጴዛውን በእግሩ ገለበጠው። በሩን ዘጋና ፊቴ ላይ ቆመ። «አንቺ ሰው ነሽ? አንድ ሰውዬ በአንቺ ወረቀት ታስሮ እዚህ መጥተሽ ቁጭ ትያለሽ? ወንድሜን ገድለሽ ልታስተዛዝኚ ነው?» እጁን ሲያነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። እጁን የያዙት በሩን ከፍተው ከኋላው የመጡት እናቱ ናቸው።

የከድር ግን ከዱላ ይከፋ ነበር። አልጮኸም። ከወለሉ ላይ ቆርቆሮዋን አንስቶ አገላበጣት።

«አምስት ወር ነድቼዋለሁ» አለ። «እናቴን አፈናጥጬ ወስጄበታለሁ።»

እናትየው ሁለታችንን አዩን፤ ነገሩ ገና አልገባቸውም። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ጣቢያ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሸምሱ መንገዱን ሁሉ ሲሰድበኝ ነው የሄደው፤ አቶ ወልዴም ተጠርተው መጡ። ለመርማሪው ሁሉንም ነገርኩት። ያልኩትን ጻፈ፤ ሁለት ጊዜ አስነብቦ አስፈረመኝ። «የሐሰት ቃል መስጠት ያስጠይቃል፤ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። አቶ ወልዴ ኪሳቸው ውስጥ ያስቀሩትን የጠዋቱን ወረቀት ግልባጭ አውጥተው እፊቴ ቀደዱት።

ጋሽ ታደሰን ሲያወጡት ቀበቶውን አውልቀውበት ሱሪውን በእጁ ይዞ ነበር። መርማሪው ቆርቆሮዋን አሳየው። ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አያት፤ ጠርዟን በጥፍሩ ዳሰሰ።

«አቆራረጧ ጥሩ ነው» አለ። «እኔ ያሳየሁሽ አቆራረጥ ነው።»

ቆርቆሮዋን ለመርማሪው መለሰ።

«ከሥር አየሽው ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ።»

«ጠይቀኸኛል።»

«ሦስት ጊዜ።»

«አዎ። አንተም ቦርሳዬን ገልብጠሃል!» አልኩት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ሌባ ብለሃል! ዕቃው ሲገኝ አፍህን ዘግተሃል!»

ጋሽ ታደሰ ቀበቶውን ተቀብሎ ማሠር ጀመረ። እስኪጨርስ አላየኝም።

«አውቃለሁ» አለና ወጣ።

ይሄው ነው። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም።

በኋላ በፖሊስ በኩል ያለው የሐሰት ቃሌ ጉዳይ በራሱ መንገድ እየሄደ፣ አቶ ወልዴ ሰው ሰብስበው የኢንጅኑን ነገር ቋጩት። ዕቃው በእኔ ወጪ ይገዛ፤ ኢንጅኑን ጋሽ ታደሰ ይሥራው፤ እኔ ልርዳው ተባለ። ብቻዬን እንዳልነካው ያለው ከድር ራሱ ነው። አሥራ አንድ ቀን እዚያ ጋራዥ ተመላለስኩ። በቤንዚን ዕቃ አጠብኩ። ደንበኞች ይመጣሉ፤ ያዩኛል፤ ይንሾካሾካሉ። ጋሽ ታደሰ «ቁልፍ»፣ «ጨርቅ»፣ «ያዢ» ከማለት ውጭ አላናገረኝም። በመጨረሻው ቀን ከድር በክራንች መጥቶ ቆመ። ጋሽ ታደሰ ቱቦውን ይዞ ሁለቱን ቡሎን መዳፌ ላይ ጣላቸውና «አንቺ እሰሪው» አለ። «ነገ ቢፈታ የማን እጅ እንደሆነ ይታወቅ።» አሠርኩት። ኢንጅኑ ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ከድር ጎንበስ ብሎ ራዲያተሯን ነካ፤ ሞቃለች። ቻው ሳይለኝ ወጣ።

ደንበኞቼ ግማሹ ሸሹኝ። ፍርዳቸው ትክክል ነው፤ አልከራከርም። ከእናንተ መሀል «መጨረሻ ላይ እውነቱን ተናግረሻል እኮ» ሊለኝ የሚፈልግ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ብሎኛል። እኔ ግን ያችን ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለችውን ጊዜ ነው የማስበው። የተበደልኩ ሰው ስለሆንኩ መበደል የማልችል ይመስለኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያ ልክነት ነው ሳላቅማማ ያስፈረመኝ። ከድር እሽጉ ሲከፈት ባያይ ኖሮ፣ ሸምሱ ወደ ቤቱ ባይልከኝ ኖሮ፣ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። አውቃለሁ የምል ከሆነም አትመኑኝ።

አሁን ጊዜያዊ ነገር ስሠራ በወረቀት ጽፌ መሪው ላይ አሥራለሁ፤ የባለቤቱን ስልክ እይዛለሁ፤ እስኪመጣ እየደወልኩ እነዘንዛለሁ። ያለፈውን ግን መጻፍ አልቻልኩም። ካዛንቺስ በነበርኩበት ጊዜ ለሁለት ቀን ብዬ የደፈንኩት፣ ያሠርኩት፣ በሽቦ የጠፈርኩት ስንት እንደሆነ አላስታውስም። ከእናንተ አንዳችሁ ያኔ ሞተራችሁን ለአንዲት ሴት መካኒክ ሰጥታችሁ ከሆነ፣ ወይም ያገለገለ ሞተር ገዝታችሁ በማን እጅ እንዳለፈ የማታውቁ ከሆነ፣ ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት አምጡትና ልክፈተው። እኔን ካላመናችሁኝ ቡልጋሪያ ጋሽ ታደሰ ጋ ውሰዱት። ይሰድባችኋል፤ ግን በደንብ ያየዋል።